ዋንዛ ውኃ ላይ የተኛው ድልድይ

ባለፈው ሰሞን የዘመድ ልጅ ሞቶ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ለለቅሶ ስሄድ፣ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ተነፈሰና ዋንዛ ውኃ ወንዝ አጠገብ ወረድን። ወንዙ ዳር ወጣቶች በሦስት እግር የቆመ ብረት ተክለው መሬቱን በማሽን ይበሳሉ። አዲስ ድልድይ ሊሠራ ነው አሉ። ከጉድጓዱ የሚያወጡትን አፈር እንደ ሸንኮራ አገዳ ድፍኑን እየሳቡ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በተርታ አጋድመውታል። ከላይ ጥቁር ዋልካ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ያዘለ ጭቃ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ደግሞ ውኃው ያልተለየው አመድማ አሸዋ። ሽታው ከሩቅ መጣብኝ። ብዙ ዘመን ፀሐይ ያላየ ጭቃ ሽታው ሌላ ነው፤ የዛገ ብረትና የበሰበሰ ቅጠል አንድ ላይ ይሸታል። ከሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ቢጫ ቆብ ያጠለቀ ልጅ ሮጦ መጣ።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ? ውኃ ላምጣልዎ?»

«ደኅና ነኝ ልጄ። አፈሩን እያየሁ ነው።»

ልጁ ትሑት ነው፤ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ እያሳየ ያስረዳኝ ጀመር። «ይኸ ጠጠሩ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ከሥሩ አሸዋ ነው፣ እማማ። ውኃ የጠገበ አሸዋ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ይኸ አሸዋ እንደ ውኃ ይሆንና የተሸከመውን ሁሉ ይለቀዋል። ስለዚህ ምሰሶውን እሱን አሳልፈን ታች አለቱ ላይ ነው የምናቆመው።»

«አውቃለሁ» አልሁት።

ሳቀ። በክፉ አልነበረም፤ አሮጊት ሁሉን አውቃለሁ ስትል ሰው የሚስቀውን ሳቅ ነው። እኔ ግን አውቅ ነበር። አባቴ ያንን አሸዋ ያወቀ ዕለት ጉድጓዱ ውስጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ኋላም ያው አሸዋ አባቴን ወሰደው።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ስሟ ውጅግራ ነበር። ዛሬ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ተጋፍቶ የሚያልፍበት ዋናው መንገድ ያኔ ካሚዮን ያለፈበት ጭቃ ነበር፤ ከዳሩም ጥቂት የሣር ቤቶችና አንድ ጨው የሚቸረችር ነጋዴ። አንድ አሞሌ ጨው ስንት ቁና ገብስ ያወጣ እንደነበር አሁንም በጣቴ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን አሞሌው እየተናቀ፣ በከረጢት የሚመጣው ነጭ ደቃቅ ጨው እየተወደደ ሄደ። አቡጀዲው ከሩቅ አገር በካሚዮን እየተጫነ ይመጣል፤ ሴቱ ሁሉ ያንን ገዝቶ በቅጠልና በጭቃ እየነከረ ያጠቁረዋል፤ ነጭ ለብሶ መታየት ለተኳሽ ምልክት መሆን ነው ይባል ነበርና። ወንዱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ጎፈሬውን አሳድጎ ጫካ የገባና ራሱን ተላጭቶ የጣሊያን ሥራ የሚሠራ። ባሌ አንሙት ከመጀመሪያዎቹ ነበር። ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን ምንሽሩን ይዞ በቋሪት በኩል ወዳለው ደጋ ወጣ። ሲሄድ የተናገረው ነገር ቢኖር «ዘሩ ሳይረፍድ አዘሪ» የሚል ብቻ ነው። ወንዶች በዚያ ዘመን ለሚስታቸው ብዙ አይናገሩም ነበር።

አባቴ ግንበኛ ቢያድግልኝ ይባል ነበር። ከቡሬ እስከ ደምበጫ የአጥር ግንብም ቢሆን፣ የቤተ ልሔም ግድግዳም ቢሆን፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚነባበርበት ቦታ ሁሉ እሱ ይጠራል። መሬትን በእግሩ ነበር የሚያውቀው። ግንብ ከመጀመሩ በፊት ጫማም ባያደርግ የእግሩን ትቢያ ያራግፍና ቦታውን ቀስ ብሎ ይዞረዋል፤ ተረከዙን መታ መታ ያደርጋል፤ ከዚያ «እዚህ ይቆማል» ወይም «ይኸ ይውጣል» ይላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከኔ በቀር ሰው አልነበረውም፤ አንሙት ጫካ ሲገባ ወደሱ ተመልሼ ከዋንዛ ውኃ በቡሬ በኩል አብረን እንኖር ነበር።

ጣሊያን ዋንዛ ውኃ ላይ ድልድይ ልሠራ ነው ሲል የአገሩን ሰው በየቤቱ እያፈሰ አመጣ። አባቴን ለግንቡ ወሰዱት፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር አፈር በቅርጫት እንዳወጣ ተመደብሁ። ከአዊ በኩል የመጡ ቆፋሪዎች ነበሩ፤ በቋንቋቸው ሲዘፍኑ ቃሉ ባይገባንም ዜማው ልብ ይበላል። የእኛዎቹ ደግሞ በአማርኛ ይቀበሏቸዋል፤

ቁልቁል ውረድ ቢለኝ ቁልቁል ወረድሁለት፣
እላይ የቆመውን መሬት ይመርምርለት።

አስተርጓሚው ምን እያሉ ነው ሲባል «ሥራው ደስ ብሏቸዋል» ብሎ ይተረጉማል። እሱም የእንጀራ ነገር ሆኖበት እንጂ ክፉ አልነበረም መሰለኝ።

ጣሊያናዊው መሐንዲስ ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነበር። እንደ ወታደሮቹ አይጮህም። ከየጉድጓዱ አፈር እየዘገነ በጣቱ ያሻል፣ ያሸታል፣ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ይበጠብጥና እስኪረጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ረጅም ብረት በመዶሻ እያስመታ ስንት ምት ስንት እንደወረደ ይጽፋል። አባቴና እሱ ቋንቋ ሳይኖራቸው ይግባቡ ነበር። አንዱ ድንጋይ ሲያንኳኳ ሌላው ያዳምጣል፤ ራስ መነቅነቅ ብቻ። አንድ ቀን መሐንዲሱ ሸሚዙን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ከአባቴ ጋር ድንጋይ ሲያገላብጥ አይቼ፣ እኒህ ሁለቱ በሌላ ዘመን ቢገናኙ ወዳጅ ይሆኑ ነበር ብዬ አስቤያለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ያኔ እንዲህ ማለት አንገት ያስቆርጥ ነበር፤ በኋላም ቢሆን አልቀለለም።

ለመካከለኛው ምሰሶ የተቆፈረው ጉድጓድ ዘጠኝ ክንድ ሲደርስ ብረቱ ነጠረ። ደርቆ የተጋገረ ጠጠር ነው። መዶሻው ሲያርፍበት እንደ አለት ይጮሃል። መሐንዲሱ ደስ አለው፤ ወታደሮቹ ቸኩላችሁ ጨርሱ እያሉ ከኋላው ያጣድፉታል፤ ክረምቱም እየቀረበ ነው። ለምሳ ሰው ሁሉ ወጣ። እኔ ለአባቴ ቆሎ ይዤለት ወረድሁ። ብቻውን ነው። ዲጂኖውን አንሥቶ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መታ፤ ጠጠሩ ተሰነጠቀ። ዲጂኖውን ቀዳዳው ላይ አቁሞ እጁን ለቀቀው። ብረቱ በራሱ ክብደት፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ። ከዳሩ ውኃና አሸዋ ፍልቅ ፍልቅ አለ። አባቴ አጎንብሶ ሊጠፋ የደረሰውን ጫፍ ያዘና ጎትቶ አወጣው፤ ቀዳዳውን በድንጋይና በጭቃ ደፈነ፤ በተረከዙም ረገጠው።

«ያየሽውን አላየሽም» አለኝ።

«ምንድን ነው አባዬ?»

«አያቴ ልጅ ሳለ ምድር ተናውጣ ነበር አሉ። ይኸ ሜዳ እንደ ድስት ፈልቶ አሸዋና ውኃ ተፋ። አንድ ጎጆ ከነምሰሶው እስከ ጣራው ገባ። ተረት ይመስለኝ ነበር።» ላቡን ጠረገ። «ለክብደትስ ይችላል። ካሚዮንም ያሳልፋል። ምድር የተናወጠች ቀን ነው ጉዱ።»

«ታዲያ ለመሐንዲሱ ይነግሩታል?»

ዲጂኖውን ከጭቃው ጠረገ። ከድልድዩ ማዶ ያለው መንገድ ሲያልቅ ካሚዮኑ ወደ ደጋው እንደሚወጣ ሁላችን እናውቃለን። ደጋው ላይ አንሙት አለ።

ከሰዓት መሐንዲሱ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። አባቴን በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀው፤ አስተርጓሚውም «ሽማግሌው፣ አንተ መሬት ታውቃለህ ይሉሃል። ይኸ የመጨረሻው ነው? ድልድዩን ይሸከመዋል? ብለዋል» አለ።

አባቴ ባርኔጣ የለውም፤ ነጠላውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና እንዲህ አለ፦ «ይኸ መሬት? ድልድይዎን ደኅና አድርጎ ያስተኛዋል።»

ቆፋሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከጎጃም ሰው ፊት ሰምና ወርቅ አይደበቅም። አስተርጓሚው ግን ሰሙን ብቻ ወሰደ፤ መሐንዲሱ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሲሚንቶው እንዲገባ አዘዘ።

ድልድዩ አማረ። እውነቱን መናገር ነው፤ በዕድሜዬ ሙሉ እንደሱ ያለ የሚያምር ድንጋይ አላየሁም፤ የአባቴ እጅ ነውና። እሱ ግን አንድም ቀን አልተሻገረበትም። እኔንም ከለከለኝ። በበጋ በውኃው እንሻገራለን፤ በክረምት ከዚህ ማዶ እንቀራለን። ጎረቤቱ «ቢያድግልኝ የጣሊያን ድልድይ ተጸይፎ ነው» እያለ ያደንቀው ነበር። እሱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ከማዶ ያለው ሕዝብ የቡሬን ገበያ የለመደ ነው፤ ድልድዩ ከቆመ ወዲህ ሴቱ ቅቤውን፣ ዶሮውን፣ ጌሾውን ተሸክሞ ክረምት ከበጋ ይመላለስበታል። አባቴ ድንጋይ እየጠረበ ቀና ይልና መንገዱን ያያል። እንቅልፉ ጠፋ። ከሳ። አንድ ቀን «ለማን ልንገር? ለአንዱ ብነግር ለሁሉ ነው» አለ፤ ለኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ሁለተኛው ክረምት እንደወጣ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ ነው ምድር የተናወጠችው። የገበያ ቀን ነበር። እኔ ማልጄ ቡሬ ወጥቼ ነበር። መጀመሪያ ውሾቹ አለቀሱ፤ ከዚያ ከሥራችን ጋሪ የሚነዳ መሰለን፤ የሸክላ ነጋዴዎቹ ማሰሮ እርስ በርሱ ተጋጨ። ሰው ሁሉ «እግዚኦ!» ብሎ ተንበረከከ። ብዙም አልቆየ። ቤትም አልፈረሰ። ሰዉ እየተሳሳቀ ተነሣ፤ ገበያውም ቀጠለ። እኔ ግን የገዛሁትን ጥዬ ወደ ወንዙ ሮጥሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ነው የነገረኝ። አባቴ ምድር ስትናወጥ መስክ ላይ ነበር። ወደ ወንዙ ሮጠ። ድልድዩ ቆሟል፤ ነገር ግን መካከለኛው ምሰሶ አንድ ጣት ያህል ወደ ወራጁ ዘንበል ብሏል። ያን ሰዓት ከሱ በቀር ያንን ልብ ያለ ሰው የለም። ከማዶ ገበያተኛው በብዛት እየመጣ ነው። አባቴ በዚያ አንድም ቀን ባልረገጠው ድልድይ ላይ በሩጫ ተሻገረና ማዶ አፉ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ተመለሱ!» ይላል። ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዳንዷ ሰደበችው። ሸክም የያዘችውን በመቀነቷ እየጎተተ መለሳት። ከሴቶቹ ኋላ ሁለት ካሚዮን ሙሉ ወታደር ደረሰ። ጡሩንባ ነፉበት፤ አልወጣም። ወርደው በሰደፍ መቱት፤ ወድቆ ተነሣና መንገዱ ላይ ቆመ። መሐንዲሱ ከሰፈሩ እየሮጠ ሲመጣ አስተርጓሚው ከኋላው ነበር።

«ምን ሆነሃል ይሉሃል?»

«ድልድዩ ይወድቃል። ከጠጠሩ ሥር አሸዋ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«ስንቆፍር አውቄዋለሁ። እያወቅሁ ነው የዋሸኋቸው።»

አስተርጓሚው ሊያድነው ፈልጎ ኖሮ ዝም አለ። አባቴ ግን «ንገራቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። ሲነገረው መሐንዲሱ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ለምን ዋሸህ አላለውም። «ስንት ክንድ ይወርዳል?» ብሎ ጠየቀው። አባቴም «አላውቅም፤ ዲጂኖዬ አልደረሰበትም» አለ። የወታደሮቹ መኮንን ግን ለዚህ ጊዜ አልነበረውም። እብድ ነው ብለው ሊገርፉት ሲያጋድሙት፣ ምሰሶው ዝም ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው ጎንበስ አለና ድልድዩ ከወገቡ ተቆርጦ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሰው አልነበረበትም። አንድም ሰው። ድልድዩ ባይወድቅ አባቴ እብድ ተብሎ፣ ተገርፎ ይለቀቅ ነበር። መውደቁ ግን እውነት መናገሩን መሰከረበት። ወደ ደምበጫ በኩል አስረው ወሰዱት።

እኔ ስደርስ ከዚህ ማዶ ቆሜ የካሚዮኖቹን አቧራ ብቻ አየሁ። ወንዙ ሞልቷል፤ ድልድይ የለም። ሦስት ቀን ዳሩ ላይ ተቀመጥሁ። በአራተኛው ቀን ውኃው ሲጎድል እስከ ደረቴ ገብቼ ተሻገርሁ፤ ደምበጫ ካለው የጣሊያን ምሽግ በር ስደርስ ዘበኛው የአባቴን ስም ሰምቶ ዓይኑን አሸሸ። የገደሉት በተያዘ በማግሥቱ ነበር። ሬሳ አልሰጡኝም። የት እንደቀበሩትም የነገረኝ የለም። ዛሬ በአውቶቡስ በዚያ ሳልፍ ሁሉ በመስኮቱ ምሽጉ ከነበረበት ወደበቀለው ባሕር ዛፍ አያለሁ። የት ልይ ታዲያ?

ኀዘኔ በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። እነዚያ ሁለት ካሚዮን ወታደሮች፣ አባቴ መንገድ ዘግቶ ያቆማቸው፣ ከሳምንታት በኋላ ዙረው ደጋው ላይ ወጡና የአንሙትን የትውልድ መንደር አቃጠሉ። የአንሙት እናት ከቤት አልወጣችም። ሰዉ ማውራት ጀመረ። «ቢያድግልኝ ዝም ቢል ኖሮ ወንዝ ይበላቸው ነበር» አሉ። «ባንዳ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ በፊቴ ይሉት ጀመር። ካህኑ ተስካሩን ለመፍታት መጡ፤ ከካህኑና ከአንዲት ዓይነ ስውር ጎረቤቴ በቀር ማንም አልመጣም። ጣሊያን ሲወጣ አንሙት ጎፈሬውን አንጨፍርሮ መጣ፤ ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«እናቴን ያቃጠሏት አባትሽ ያተረፋቸው ናቸው፣ የሺ» አለኝ።

«ሴቶቹንስ? ያ ሁሉ ገበያተኛ ሰው አይደለም?»

«ሰው ነው። እናቴም ሰው ነበረች።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዓይኑ እንባ እንደሞላ ሄደ። አልተመለሰም፤ እኔም አልፈረድሁበትም። ቤቱን ዘግቼ ወደ ውጅግራ መጣሁ፤ ስሟም ፍኖተ ሰላም ተባለ፤ በርበሬና ጌሾ እየቸረቸርሁ ኖርሁ። የአባቴን ስም ለጠየቀኝ «ልጅ ሳለሁ ሞቷል» እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ አንዲት ጠይም፣ ረጅም ሴት ገበያ መጥታ በርበሬዬን ስታገላብጥ፣ ጎረቤቴ «የሺ ቢያድግልኝ» ብላ ጠራችኝ። ሴትዮዋ በርበሬውን ጣለችው። ትርንጎ እባላለሁ አለችኝ፤ ያን ዕለት ከፊተኞቹ ገበያተኞች አንዷ ነበረች። ከላይ የነገርኋችሁን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። በመቀነቷ ጎትቶ ሲመልሳት አጥብቃ የሰደበችው፣ ነፍሰ ጡር የነበረችው እሷ ናት። ከሰው ገለል ብለን ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«አንች እኅቴ፣ መልእክት ነበረብኝ» አለችኝ። «ሲያስሩት አጠገቡ ነበርሁ። ስድቤን ይቅር ይበሉኝ ስል 'ተይው፣ ልጄን ካገኘሽልኝ አንድ ነገር ንገሪልኝ' አለኝ። ያኔ ፈራሁ፤ የሱ ወዳጅ የተባለ ሁሉ ይታሰር ነበር። በኋላ ደግሞ ሰዉ ባንዳ ሲለው ሰማሁና አፍሬ ቀረሁ፤ እሱ ያተረፈኝ ሴት ልውጣና ልናገር አላልሁም። በዚህ ነው የቆየሁት።»

«ምን ብሎሽ ነበር?»

ለዓመታት ያሰብሁት ብዙ ነበር። ለምን ዋሸ፣ ለምን ተናገረ፣ ለማን ብሎ። አንዱን ይመልስልኛል ብዬ እጇን ያዝሁ።

«'በሬውን ፀሐይ ላይ ነው ያሰርሁት' አለኝ። 'ስሮጥ ረስቼው መጣሁ። ፈትታ ውኃ ታጠጣልኝ በያት።' ይኸው ነው። ሌላ አላለም።»

ትርንጎ ፊቴን ታያለች። ያን ቃል ተሸክማ ስንት ዘመን እንደኖረች ከዓይኗ ይታወቃል።

«ፈትቼው ነበር» አልኋት። «ያኑ ዕለት ፈትቼ አጠጣሁት።»

«ተመስገን!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አለቀሰች።

ከደምበጫ ስመለስ በሬው ከታሰረ ሳምንት ሊሞላው ነበር። የተያዘ ሰው ከብት ነው ብሎ የፈራ ጎረቤት አልነካውም። በሬው በካስማው ዙሪያ ገመዱ እስከደረሰ ድረስ ሣሩን ግጦ፣ ሥሩን ግጦ፣ አፈሩን ልሶ፣ ራሱን ወደ ወንዙ አድርጎ ሞቶ ተኝቶ ነበር። ገመዱን ያኔም ቢሆን ፈታሁት።